ምርመራ ብዬ ያነበብኳት ምርምር

ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ነገሌ መውጫ ላይ፣ ወደ ክብረ መንግሥት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጎሚስታ ቤት ነበረኝ። ዛሬም ቤቱ አለ፤ ሌላ ሰው ይሠራበታል፤ አበላሽቶታል።

ጎማ መለጠፍ ሰው የሚንቀው ሥራ ነው። እኔ ግን ከዚህ አገር ሥራ ሁሉ የማልንቀው እሱን ብቻ ነው። ጎማው ቀዳዳ ካለው ገንዳው ውኃ ውስጥ ስትነክረው አረፋ ያወጣል፤ ከሌለው አያወጣም። ስብሰባ አይጠራም፣ ባነር አይሰቀልበትም፣ ምሳ በልተህ ፎቶ አትነሣበትም። ይህን የምለው በኋላ ላይ የሰው ልብ እናጠናለን የሚሉ ሰዎችን ስላየሁ ነው። የልብን ነገር ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ፤ አልክድም። ሰው ሲያናግሩ ግን የእኔን ገንዳ ያህል እንኳ እውነቱን አያወጡም።

ማንበብ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ወደ ሠላሳ እየተጠጋሁ፣ ክብረ መንግሥት ወርቅ ስንቆፍር፣ ከሥራ መልስ ዛፍ ሥር እያስቀመጡ ፊደል አስቆጠሩን። ፊደሉን ለየሁ፣ ወረቀት ሰጡኝ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት የመኪና ታርጋ፣ የጎማ ቁጥርና የቢሮ በር ላይ የሚለጠፈውን ነው። በሰፈራችን ግን አንባቢ እኔ ነበርኩ። ጎረቤቶቼ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣላቸው፣ ከቀበሌ ወረቀት ሲደርሳቸው፣ ወደ እኔ ይዘው ይመጣሉ። እኔም መነጽሬን አድርጌ አነብላቸዋለሁ። ያልገባኝን ከራሴ እሞላው ነበር። ማንም አልነቃብኝም።

የልጅ ልጄ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ልጄ፣ ሞያሌ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች፤ ልጅቷ እኔ ጋ ሆና ትማራለች። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ጉሮሮዋን አመማት፣ ዳነች አልን። ቀጥሎ ጉልበቷ አበጠ፣ ወለምታ ነው አልን። ቀጥሎ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ መቀመጥ ጀመረች፤ ይህን ምንም ማለት ስላልቻልን ሐዋሳ ወሰድኳት። ሐኪሙ የልቧ በር ተበላሽቷል አለኝ። ደም ሲወጣና ሲገባ የሚዘጋው በር በደንብ አይዘጋም። እንዳይብስባት በየወሩ መርፌ ትወጋለች፤ አንድም ወር እንዳታሳልፍ አለኝ።

መርፌው ወተት ይመስላል። ወፍራም ነው፤ ዳሌ ላይ ሲወጉት ሁለት ቀን ያስነክሳል። ጤና ጣቢያ አንዲት ከተልተሌ የመጣች ሲስተር ነበረች፤ አፏ አያርፍም፣ እጇ ግን ረጋ ያለ ነው። አራት ዓመት እሷ ወጋቻት። አራት ዓመት አንድ ወር አላሳለፍንም።

የጥናት ሰዎቹ የመጡት በጎማ ነው። ነጭ ላንድክሩዘራቸው ጎማው ተቀዶ እኔ ቤት ቆመ። እኔ ጎማውን ስፈታ፣ ኪሱ የማይቆጠር ሰደርያ የለበሰ አስተባባሪያቸው በረንዳዬ ላይ ልጅቷን አያት። ባልዲ ውኃ አምጥታልኝ ተቀምጣ ታለከልካለች።

«ልጅቷ ልብ ያማታል?» አለኝ።

«ያማታል።»

«እኛ የመጣነው ለእንደሷ ዓይነት ልጆች ነው፣ አባታችን።»

ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ጎማውን አጥብቄ አሰርኩለትና በማግስቱ ልጅቷን ይዤ ሄድኩ።

አንድ ግቢ ያለው ቤት ተከራይተው በሩን ሰማያዊ ቀብተውታል። ወንበር ላይ ከእኛ ሌላ ከገጠር የመጡ እናቶች ተደርድረዋል፤ ልጆቻቸው ሁሉም ከንፈራቸው የጠቆረ፣ ትከሻቸው የሾለ። አጠገቤ አንዲት የቦረና እናት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇን ይዛ ተቀምጣለች። ከነገሌ ወደ ደቡብ በመኪና ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር ነው የመጣችው። ልጇም እንደኛዋ በየወሩ የሚወጋ ነው፤ ለመርፌው ብላ እስከ ጤና ኬላ ግማሽ ቀን ትሄድ ነበር። አሁን ግን መኪና መጥቶ ከበሯ ወሰዳት።

አስተርጓሚው የነገሌ ልጅ ነው። አባቱን አውቀዋለሁ፤ ሱቅ ነበረው። ልጁ ግን አንገቱ ላይ ካርድ ካንጠለጠለ ወዲህ አባቱን የሚያውቅ ሰው ማወቅ ትቷል። ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ለእናቶቹ በኦሮምኛ አነበበ። እንደሚነዳ መኪና ነው የሚያነበው፤ የሚቆመው ነዳጅ ሲጨርስ ነው። «ቆራኖ፣ ቆራኖ» ይላል። ቆራኖ ማለት ምርምር ነው። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ አርባ ዓመት በኦሮምኛ ስነግድና ስከራከር ኖሬ ያቺን ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ የትምህርት ቤት ቃል ናት፣ ገበያ አትወጣም። እናቶቹም አያውቋትም። የሚያውቁት ቆሪቻን ነው። ቆሪቻ ማለት መድኃኒት ነው።

ቦረናዋ ወደ እኔ ዞረች። «ጃርሳ» አለችኝ፤ ሽማግሌው ማለቷ ነው። «ቆሪቻ ነው የሚለው?»

«ቆይ፣ ላንብበው» አልኳት።

አስተርጓሚው የአማርኛውን ወረቀት ይዞ መጣ። «ፋዘር፣ ላንብብልዎት?» አለኝ።

«ዓይን አለኝ።»

«ስምንት ገጽ ነው እኮ።»

«እኔም በቀን ስምንት ጎማ እፈታለሁ። ስጠኝ።»

እናቶቹ ሳቁ፤ እኔም ኮራሁ። መነጽሬን አደረግሁ። ከላይ በደማቁ የተጻፈው ቃል ም ይላል፣ ር ይላል። እኔ ይህን ቃል አውቀዋለሁ፤ በየጤና ጣቢያው በር ላይ ተለጥፏል፤ የምርመራ ክፍል። ዓይኔ ሁለት ፊደል አየ፣ የቀረውን አፌ ጨረሰው። ምርመራ። ምርመራ ከሆነማ ሐኪም ያያታል ማለት ነው፣ ሐኪም ካያት ያክማታል። ስምንቱን ገጽ እያገላበጥኩ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ከዚያ ለሴትየዋ፣ «አዎ፣ ቆሪቻ ነው» አልኳት። በሌሎቹ እናቶችም ፊት ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

እናቶቹ አውራ ጣታቸውን ሰማያዊ ቀለም ነክረው አተሙ። እኔ በብዕር ፈረምኩ። ልጆቹንም፣ ፈቃዳቸው ያስፈልጋል ብለው፣ ፈገግ ያለች ልብ የተሳለባት አንዲት ገጽ አስፈረሟቸው። ልብ ፈገግ ብላ አይቼ አላውቅም።

ቤት ስንገባ ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጀመረችኝ።

«አባባ፣ ምርምር ነው እኮ የሚለው።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ምርመራ እኛን ሊያክሙ ነው። ምርምር ከእኛ ሊማሩ ነው። የኦሮምኛውንም አይቼዋለሁ፣ ቆራኖ ነው የሚለው፤ ባዮሎጂ ላይ ተምረነዋል።»

«ባዮሎጂሽን ለባዮሎጂ አስተማሪሽ ንገሪው።»

«መርፌዬስ? ሐሙስ ቀኔ ነው። የጤና ጣቢያ ካርዴን ይስጡኝ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ካርዷ ሳጥኔ ውስጥ ነው። አልሰጠኋትም። «ሁለት ቦታ መወጋት ሊገድልሽ ይችላል፤ ትልልቆቹ ይዘውሻል፣ ትንንሾቹን ተያቸው» አልኳት።  እሷም ቦርሳዋን አውርዳ ደብተሯን አወጣች። ይህን እንደ መስማማት ቆጠርኩት።

በየወሩ ወሰድኳት። ክንዷን ወግተው በትንንሽ ጠርሙስ ደም ይቀዳሉ፣ ደረቷ ላይ ቅባት ቀብተው በመሣሪያ ያያሉ፣ ሳሙናና ብስኩት ይሰጡናል። ከዚያ አንዷ ጥያቄ ትጠይቃለች። ልጅቷ ፊቷ ተቀምጣለች፤ እሷ ግን የምትጠይቀው እኔን ነው።

«ባለፈው ወር መርፌ ተወግታለች?»

«ተወግታለች።» እውነቴን ነው። ባለፈው ወር ራሳቸው ክንዷን ወግተዋታል፣ የትልልቆቹ መርፌ በክንድ ነው ብዬ ነው፤ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። አየኋት። ዘጋችው። ሴትዮዋ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች። ወጣቶችን እናሳትፋለን የሚሉት እነዚህ ናቸው። የምታውቀው ፊታቸው ተቀምጣ፣ የማያውቀውን ጠይቀው ጻፉ።

ይባስ ብለው እኔን የቤተሰብ አማካሪ ቡድን አባል አደረጉኝ። ያነባል፣ ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራል ተባለ። ካርድ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ፤ አልዋሽም፣ ጎሚስታ ቤት ድረስ አንጠልጥዬው ሄድኩ። ስብሰባው ሆቴል አዳራሽ ነው። አንዲት ከላይ የመጣች ወጣት ቢጫ ወረቀት አደለችን። «ስሜታችሁን በአንድ ቃል ጻፉና ግድግዳው ላይ ለጥፉ» አለች። የታመመ ልጅ ያላት እናት ስሜቷን በአንድ ቃል ስትጽፍ እስቲ አስቡት።

ቦረናዋ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «ምን ልጻፍልሽ?» አልኳት።

«ውኃ።»

ውኃ ብዬ ጻፍኩላት። ለጠፉት። ወጣቷ ቆማ አነበበችው፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ውኃ» አለች፣ «ውኃ ማለት ተስፋ ነው። ሕይወት ነው። እዚህ ቆላ ውስጥ አንዲት እናት ለልጇ ያላት...» እያለች ቀጠለች። ሴትየዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ምን እያለች ነው? ትሰጠኛለች ወይስ አትሰጠኝም?» አለችኝ። ጉሮሮዋ ደርቆ ነው። ልጇ ሰምቶ መሳቅ ጀመረ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ አልቆም አለ። ያኔ ነው ለሁለቱም ጠርሙስ ውኃ የደረሳቸው። ሳሉ ሲያባራለት አየሁትና፣ ይሄ ልጅ መድኃኒቱ ገና አልሠራለትም ብዬ አሰብኩ። እንደዚህ ነበርኩ።

በሦስተኛው ወር ማለቂያ ከቀትር በኋላ ሁለት የክፍል ጓደኞቿ በባጃጅ አመጧት። እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጃቸው ይዘውታል። ላስተኛት ስል ትንፋሽ አጠራት፤ ቁጭ ስትል ብቻ ነው የምትተነፍሰው። በዚያው ባጃጅ ይዣት በረርኩ። የት? ሰማያዊው በር ጋ።

ጥበቃው «ዛሬ ቀጠሮ የላትም» አለኝ። ገፍቼው ገባሁ። ጥያቄ የምትጠይቀው ሴት ወጣች፤ ልጅቷን አየቻትና ደነገጠች፤ መደንገጧን አልክድባትም።

«አባታችን፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ይውሰዷት።»

«ሐኪም ቤት መጣሁ እኮ።»

«እኛ ሕክምና አንሰጥም። ጥናት ነው የምንሠራው። ወረቀቱ ላይ አለ፣ ገጽ ሦስት።»

«መርፌዋን ማን ነው ታዲያ ሲወጋት የከረመው?»

«እኛ ደም ብቻ ነው የምንቀዳው» አለች። ውስጡ እንደ ወጣለት የውጪ ጎማ ባዶ ሆኜ ቀረሁ።

ጤና ጣቢያ የደረስነው ቀጥለን ነው። የተልተሌዋ ሲስተር ልጅቷን ራሷ ተቀብላ አልጋ ላይ አስደግፋ አስቀመጠቻት፣ ኦክስጅን አደረገችላት፣ ሐኪም ቤት የሚወስድ መኪና አስጠራች። ይህን ሁሉ ካደረገች በኋላ ነው ወደ እኔ የዞረችው።

«አንቱ፣ ሦስት ወር የት ነበራችሁ?»

«ምርመራ ላይ።»

«የምን ምርመራ?»

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አጣጥፌ እይዘው ነበር። ሰጠኋት። ከላይ ያለውን አንብባ ወደ እኔ አዞረችው። «እስቲ ያንብቡልኝ» አለችኝ።

አነበብኩ። በጣቷ አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። ም። ር። ም። ር። መጨረሻው ላይ ራ የለም። ከራ በፊት አለ ያልኩት መም የለም። መቼም አልነበረም።

«ለሰፈሩ ሁሉ መጥሪያ የሚያነቡት አንቱ ነዎት አሉ» አለችኝ። «ስንቱን ሰው አሳስረው ይሆን።»

ሐኪም ቤት ዘጠኝ ቀን ተኛች። ውኃውን ከሰውነቷ አወጡት፣ እብጠቱ ጎደለ፣ መርፌዋን ጀመረች። ሐኪሙ የልቧ በር ከቀድሞው ብሷል፣ አንድ ቀን መቀየር ይኖርበታል፣ መርፌውን ብታቋርጥ ግን ያ ቀን አይደርስም አለኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር። አልሰደበኝም። ከስድብ የከፋ ነው።

ልጅቷ ትንፋሿ መለስ ሲልላት ስለ ራሷ አልጠየቀችኝም።

«አባባ፣ ያቺ ውኃ ያለችው እናት፣ ልጇ መርፌውን ይወጋል?»

«እንጃ።»

«አንቱ ቆሪቻ ነው ብለዋታል እኮ። አጠገባችሁ ነበርኩ።»

«የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እነግራታለሁ።»

«ስብሰባው መቼ ነው?»

«ከሁለት ሳምንት በኋላ።»

«ሁለት ሳምንት» አለች።  ሁለት ሳምንት የፈጀሁት መንገዱ ርቆብኝ አይደለም። አንባቢው ሰውዬ ማንበብ አይችልም ብዬ ለአንዲት ሴት መንገር ከብዶኝ ነው። ሌላውን የምንቅበት አፍ አለኝና ይህንንም ልጻፈው፤ እነሱን ከምንቅበት ንቀት እኔም የምተርፍ ሰው አይደለሁም።

ስብሰባው ደረሰ። ይሄኛው ትልቁ ነው፤ ሁለት ፈረንጅና የጥናቱ አለቃ የሆነች ዶክተር መጥተዋል። ባነሩ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ «ወጣት ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው የምርምሩ ባለቤቶች ናቸው» ይላል። ምርምር የምትለዋን በትክክል አነበብኳት፤ ዘገየሁ እንጂ። ልጅቷን ቤት ቅሪ አልኳት፤ አልቀርም አለች። ክንዴን ይዛ በቀስታ ገባች። ገብቼ መጀመሪያ የፈለግኩት ያቺን ሴት ነው። ወንበሯ ባዶ ነው።

አስተባባሪው ንግግር አደረገ። በየመሃሉ ተሳትፎ፣ ተሳትፎ ይላል። አንዱ ልጅ ግጥም አነበበ፤ ማን እንደጻፈለት ከአማርኛው ያስታውቃል። ቀጥሎ ሁላችንም ለፎቶ እንድንቆም ሲባል ልጅቷ እጇን አወጣች።

«ጥያቄና መልስ ከምሳ በኋላ ነው፣ የኔ እህት» አለ አስተባባሪው።

«ከምሳ በኋላ እናቶቹ መኪና ይሳፈራሉ» አለች። ተነሥታ ወንበሩን ይዛ ቆመች። ለእናቶቹ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፣ እንዲህ አለቻቸው፦ እዚህ ቤት የሚሰጡን መድኃኒት አይደለም። ቆራኖ ማለት ቆሪቻ አይደለም። ደማችንን የሚወስዱት በሽታውን ሊያውቁበት ነው፤ ምናልባት ለኋላ ልጆች ይጠቅማል። እኛን ግን የሚያቆየን የዱሮው የጤና ጣቢያ መርፌ ነው። ያቋረጣችሁ አላችሁ?

እጅ ማንም አላነሣም። እናቶቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ጠበቅ አደረገች። ሌላዋ፣ «ታዲያ ዛሬ የሚሰጡን ምንድን ነው?» አለች። ሦስተኛዋ፣ «ብስኩት ነዋ» አለቻት።

ፈረንጆቹ አስተርጓሚውን ምን አለች ብለው ጠየቁት። ተጎንብሶ ነገራቸው። እንግሊዝኛ አላውቅም። ግን አንደኛው ፈረንጅ ፊቱ በርቶ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌላዋም ተከተለችው፣ አዳራሹም አጨበጨበ። የነገራቸው ያለችውን ቢሆን የሚያጨበጭቡበት ምክንያት አልነበረም። ልጅቷ ጭብጨባው መሃል ቆማ ወደ እኔ አየች።

ተነሣሁ። «አታጨብጭቡ» አልኩ። ሲያባራ ወደ አስተርጓሚው ዞርኩ። «አባትህ ሱቅ ውስጥ ሚዛን አያዛባም ነበር። ያለችውን ንገራቸው።»

«ፋዘር፣ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት መተኛቷን ነግረሃቸዋል? የተኛችው እናንተ መድኃኒት ትሰጣላችሁ ብዬ ሦስት ወር መርፌዋን ስላስቀረሁባት መሆኑን ነግረሃቸዋል?»

ከዚያ ያቺን የተጣጠፈች ወረቀት አውጥቼ በሁለቱም ቋንቋ ተናገርኩ። ይቺን ቃል ምርመራ ብዬ አነበብኳት አልኩ። ምርምር ናት። ማንበብ የምችለው ግማሽ ነው። ግማሹን ከራሴ እሞላለሁ። ለእናንተም ቆሪቻ ነው ብዬ ጮክ ብዬ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው፣ ሳላውቅ ነው፣ ግን ውሸት ነው። ልጅቷ በዕለቱ ነግራኝ ነበር፤ አፏን ያስዘጋኋት እኔ ነኝ። እነዚህም መርፌ ተወግታለች ወይ ብለው እሷን ትተው እኔን ጠየቁ።

ሰፈሬ የሚኖር አንድ ሰው እዚያ ነበር። ሳቀ። ይሳቅ።

ዶክተሯ እየጻፈች ነው። ራሷ ለፈረንጆቹ ነገረቻቸው፤ አሁን ማንም አላጨበጨበም። ለእኔ ደግሞ፣ «በጣም ጠቃሚ ግብዓት ነው» አለችኝ። ግብዓት። የልጅ ልጄ ልትሞት ነበር ስላት ግብዓት አለችኝ። የምትጠላ ሴት አይደለችም፤ ቃሉ ነው የሚጠላው። ወረቀቱ በቀላል ቋንቋ ይስተካከላል፣ ኮሚቴ ያየዋል፣ ያጸድቀዋል፣ ጥቂት ወራት ይወስዳል አለች።

«እስከዚያ ማን ይነግራቸዋል?» አለች ልጅቷ። «ዛሬ ላልመጡት?»

«በሚቀጥለው ቀጠሯቸው እንነግራቸዋለን» አለ አስተባባሪው።

«ያቺ ከደቡብ መንደር የምትመጣው እናት ለምን ቀረች?» አልኩት።

መዝገቡን ገለጠ። «መኪና ትናንት ሄዶላት ነበር። ልጁ አሞታል፣ መነሣት አልቻለም ብላ ቀረች። ቀሪ ተብላ ተመዝግባለች። ቀጠሮዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።»

«ልብ የሚያመው ልጅ መነሣት አልቻለም ሲሏችሁ ቀሪ ብላችሁ ጽፋችሁ መጣችሁ?»

«ሾፌሩ ሐኪም አይደለም፣ አባታችን።»

ካርዱን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ለምሳ አልቆየንም። ልጅቷን ባጃጅ ላይ አስቀምጬ ቤት ወሰድኳት። የምትፈልገውን አውቀዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጎሚስታ ቤቱን አልከፈትኩም። በአሥራ ሁለት ሰዓት መንገድ ዳር ቆሜ ከብት ሊጭን ወደ ደቡብ የሚሄድ አይሱዙ አስቆምኩ፤ ሾፌሩ ጎማውን የምለጥፍለት ነው፣ ጋቢና አስገባኝ። ሁለት ሰዓት ላይ መንደሩ መግቢያ አወረደኝ። ቤቷን ጠይቄ አገኘሁ። ልጁ ደጅ፣ ቆዳ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። እግሩን አየሁ፤ አብጧል። እንዳልተኛ ገባኝ፤ ቁጭ ብሎ ነው ያደረው።

«አካም» አልኳት።

«ነጋ» አለችኝ። የቀረውን ሰላምታ አላስጨረስኳትም።

«ያኔ ቆሪቻ ነው ያልኩሽ ቆሪቻ አይደለም። ወረቀቱን በደንብ አላነበብኩትም። ማንበብ አልችልም። መርፌውን ካቋረጠ ስንት ጊዜው ነው?»

«እነሱ ከያዙት ጀምሮ» አለች። ቆማ አየችኝ። «ጃርሳ፣ ታዲያ ደሙን ምን ያደርጉበታል?»

«ይማሩበታል።»

«ተማሩ?»

«እንጃ። ካርዱን አምጪ።»

ገብታ የጤና ኬላውን ካርድ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ይዛ ወጣች። ተቀምጬ ጀርባዬን ሰጠሁት፤ ልጁ እጁን አንገቴ ላይ አደረገ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፣ ከአንድ የአይሱዙ ጎማ አይከብድም። ጎበጥ ብዬ፣ እንዲተነፍስ ቀና አድርጌ፣ እናቱን አስከትዬ እስከ መንገዱ አዘልኩት፤ እዚያም ወደ ነገሌ ለሚመለስ የመጀመሪያው መኪና እጄን ዘረጋሁ።